ዝናብ ሲዘንብ የሚወራበት ቤት

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ቤቴ ተቀምጬ የቆየሁት አራት ወር ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ባለቤቴ አልቻለችም። ዕድሜውን ሙሉ «ተነስ፣ ተቀመጪ፣ አፍህን ዝጋ» ሲል የኖረ አስተማሪ ክፍሉን ሲያስረክብ ማንን ይዘዝ? መጀመሪያ ዶሮዎቹን አዘዝኩ። ዶሮዎቹ ሲንቁኝ የእሷን የሽንኩርት አከታተፍ ማረም ጀመርኩ። አንድ ቀን ቢላዋዋን አስቀመጠችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ በፈጠረህ የምትቆጣቸው ተማሪዎች ፈልግ፤ እኔ ትምህርቴን ጨርሻለሁ» አለችኝ።

እንዲህ ተባርሬ ነው ቆሰበር ከተማ ካሉት ኮሌጆች በአንዱ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ የተቀመጥኩት። ሥራዬ ከባድ አይደለም። የገባውን ተማሪ መታወቂያ እቀበልና ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ እንጨት እሰጠዋለሁ፤ ሲወጣ እንጨቷን መልሶ መታወቂያውን ይወስዳል። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ላይ የተተዉትን መጻሕፍት ሰብስቤ ወደየመደርደሪያቸው እመልሳለሁ። እመልሳለሁ ስል መነጽሬን ያልረሳሁ ቀን ማለቴ ነው። አንድ ሳምንት መነጽሬን ረስቼ የከብት በሽታ መጽሐፍ ከጋብቻ ሕግ አጠገብ ገብቶ ተገኘ። አለቃዬን «ባለትዳሮች ይፈልጉት ይሆናል ብዬ ነው» ብላት እንኳ አልሳቀችም።

አለቃዬ ያልኳት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናት። ከመጨረሻ ልጄ ታንሳለች። እኔ «አንቺ» እላታለሁ፣ እሷ «እርስዎ» ትለኛለች፤ የሚታዘዘው ግን እኔ ነኝ።

በሩ ላይ «ጸጥታ ይከበር» የሚለውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጽሕፈትህ ያምራል ይሉኛል። ጸጥታውን የማስከብረውም እኔ ነኝ። ችግሩ፣ አርባ ዓመት ያስተማረ ጉሮሮ ሹክሹክታ አያውቅም። አንዷን ተጠግቼ «ልጄ፣ ቀስ በይ» ስላት ከመጨረሻው ጠረጴዛ ሦስት ልጆች «እሺ አባባ» ይላሉ። በቤቱ ውስጥ ትልቁ ድምፅ የኔ ነው። ሁለተኛው፣ ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርገኝ፣ እሱም የኔ ነው ይባላል።

የአገራችንን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ ነው፤ አንዳንዴም በረዶ ይቀላቅላል። የቤተ መጻሕፍታችን ጣሪያ ቆርቆሮ ነው። ኮርኒሱን እርጥበት በልቶት ከተነሳ ወዲህ በቆርቆሮውና በእኛ መካከል ምንም የለም። ዝናቡ ሲወርድ አንድ ቀበሌ ሙሉ ሰው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ጠጠር የሚደፋ ይመስላል። ሥራ በጀመርኩበት ክረምት፣ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ሲመጣ ልጆቹ ማውራት ጀመሩ። ተነሳሁና «ጸጥታ!» አልኩ። የሰማኝ የለም። መሐል ድረስ ሄጄ እጄን እያወናጨፍኩ ደገምኩት። የሚያዩት አፌ ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው፤ ገለባ የሚያመነዥክ በሬ ሳልመስላቸው አልቀረሁም፣ ሁሉም በሳቅ ፈነዱ። ሳቃቸውም አልተሰማኝ፤ ጥርስ ብቻ ነው ያየሁት። አለቃዬ መጥታ ጆሮዬ ላይ ጮኸች። «አባባ፣ ይተዋቸው! እስኪያባራ ያውሩ!»

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ልማድ ሆነ። ሲዘንብ ይወራል፣ ሲያባራ ይነበባል። ልጆቹ ከመልመዳቸው የተነሳ ዝናቡ ሲሳሳ ድምፃቸውም አብሮ ይሳሳል፤ ሲያበቃ ሁሉም አንገቱን መጽሐፉ ላይ ደፍቶ ታገኘዋለህ። ደግሞ የሚያወሩት ተራ ወሬ አይደለም። ተራውን ወሬ ሻይ ቤት ያወሩታል። እዚህ የሚያወጡት ሌላ ቦታ የማይወጣውን ነው። ከጓደኛህ ጋር ጆሮ ለጆሮ ገጥመህ ያለህን ኃይል ሁሉ ትጮሃለህ፤ ከእሱ በቀር ግን የሚሰማህ የለም።

በግቢያችን «የምክር አገልግሎት» የሚል ቢሮ አለ። ጥሩ ቢሮ ነው። በሩ ግን ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ የገባችውን ልጅ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ያያታል፤ ሳትወጣ «ምን ሆና ነው?» ይባላል። ቤተ መጻሕፍት የገባን ሰው ምን ሆነህ ነው የሚለው የለም። መጽሐፍ ዘርግተህ ቀኑን ሙሉ ብትቆዝም ያየህ ሁሉ «ጎበዝ ነው፣ ያነባል» ይልሃል። ይኸ ለእኔ የገባኝ ዘግይቶ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ገጽ የማይገልጥ ሰው ሳይ ሄጄ «ወይ አንብብ፣ ወይ ለሚያነብ ልቀቅ» እል ነበር። አለቃዬ ጠርታኝ፣ «አባባ፣ ሳያነቡ መቀመጥም እዚህ ይፈቀዳል» አለች።

«የት ተጽፏል?» አልኳት።

«እርስዎ ከምሳ በኋላ የሚቀመጡት በየትኛው ሕግ ነው?»

መነጽሬን ፍለጋ ሄድኩ።

ልነግራችሁ የተነሳሁት ስለ አንዲት ልጅ ነው። ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ካለ የገጠር ቀበሌ የመጣች፣ ዕፅዋት ሳይንስ የምታጠና፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች። ጠዋት ስከፍት ትገባለች፣ ማታ ስዘጋ ትወጣለች፤ መስኮቱ ጥግ ያለውን ወንበር ማንም አይቀማትም። ያሁን ዘመን ተማሪ ትምህርቱን ሁሉ ቢጨርስም በኮምፒውተር የሚሰጠውን የመውጫ ፈተና ካላለፈ ዲግሪውን አይዝም። የወደቀ ሰው እንደገና እስኪፈተን ወራት ይጠብቃል። የዚያን ክረምት ውጤቱ ሲወጣ ማን አለፈ፣ ማን ወደቀ ብዬ አልጠየቅሁም። ፊታቸው ላይ አነበዋለሁ ብዬ ነው። የእሷን ግን አላነበብኩትም፤ እንደወትሮዋ መጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ መጣ። ልጆቹ ወሬያቸውን ጀመሩ። እኔ መጻሕፍት ታቅፌ በመደርደሪያዎቹ መካከል እሄዳለሁ። ልጅቷ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ጆሮ ገጥማ፣ የአንገቷ ሥር ተገትሮ ስትጮህ አያታለሁ። የእኛ ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ እየሳሳ ነው የሚቆመው። አልፎ አልፎ ግን ባንቧ እንደዘጉት ቀጥ ይላል። ያን ቀን ቀጥ አለ። የእሷ ድምፅ ብቻውን በአዳራሹ መሐል ቀረ።

«...እሑድ ድግስ ነው! በጉ ታስሯል! ወድቄ ሳለ አልፌያለሁ ብዬ አባዬን ዋሸሁት!»

አፏን በሁለት እጇ ያዘች። ያን ሁሉ ተማሪ ፈጣሪ ይባርከውና አንድም ሰው ቀና አላለም። ግን ጸጥታው ራሱ ከማፍጠጥ ይብሳል። አንድ ነገር ማድረግ እንዳለብኝ ተሰማኝ። ምናልባት ይኸ ሽማግሌ እንኳ አልሰማኝም ብላ ትጽናና ብዬ፣ ጭንቅላቴን መደርደሪያው ላይ ጣል አድርጌ፣ እንደ ጋሪ ፈረስ ቆሜ ማንኮራፋት ጀመርኩ። የታቀፍኳቸው መጻሕፍት አንድ በአንድ እግሬ ላይ ወደቁ። ወፍራሙ ሲወድቅ «ዋይ!» አልኩና ማንኮራፋቴን ቀጠልኩ። መጀመሪያ አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም። በሳቁ መሐል ልጅቷ ደብተሯን ሰብስባ ወጣች። መታወቂያዋን እንኳ አልወሰደችም።

በማግስቱ ጠዋት መታወቂያዋን ልትጠይቅ መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«የምንመልሰው ገብቶ ለሚወጣ ሰው ነው። ግቢና ስትወጪ ውሰጂ» አልኳት። እንዲህ ያለ ደንብ የለንም።

ገባች። ወንበሯ ጋ ስትደርስ ቆመች። ጠረጴዛዋ ላይ ወረቀት ተከምሯል። ያለፉ ፈተናዎች ፎቶ ኮፒ፣ በእጅ የተጻፈ ማስታወሻ፣ በላስቲክ የታሰረ የጥያቄና መልስ ካርድ። ማን እንዳመጣው አይታወቅም፤ በር ላይ ተቀምጬ እኔም አላየሁም፤ ባይም አልናገርም። አንደኛዋ ቁራጭ ወረቀት ላይ «እኔም በመጀመሪያው ወድቄ ነበር። በሁለተኛው ቢያንስ ኮምፒውተሩን አትፈሪውም» የሚል ተጽፏል። እንዴት አነበብከው አትበሉኝ። ጠረጴዛ ስወለውል ዓይኔ ላይ ወደቀ። መነጽሬንም በአጋጣሚ አድርጌ ነበር።

በምሳ ሰዓት ቤቱ ጭር ሲል ወደ እኔ መጣች።

«አባባ፣ ትናንት ሰምተውኛል አይደል?»

«እኔ? ተኝቼ ነበር እንጂ።»

«ቆመው?»

«የአገራችን ፈረስ ቆሞ አይደል የሚተኛ።»

«እርስዎ የእውነት ሲተኙ አያንኮራፉም። ያፏጫሉ። ሁላችንም እናውቃለን።»

ስንት ዘመን በትዳር ስኖር ይኸን የነገረኝ ሰው የለም። ተሸነፍኩ፤ ወንበር ሳብኩላት።

«ለምን አትነግሪውም?»

«ደወልኩለት። ‹አባዬ› ስለው ‹በጉ እንዴት ወፈረ መሰለሽ› አለኝ። ዘጋሁት።»

እኔም የራሴን አወጣሁ። በጊዜዬ ዳንግላ ስማር የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወድቄ፣ ለአባቴ «የኔ ወረቀት መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ በፖስታ ይመጣል» ብዬው ነበር። ትንሽ ውሸት መስላኝ። አባቴ ግን የዋህ ሰው ስለነበር በየገበያው ቀን፣ እህሉን ሳይሸጥ በፊት፣ ፖስታ ቤት ይሰለፍ ጀመር። «የልጄ ወረቀት መጣ?» ይላል። አልመጣም ይሉታል። ነጠላውን አስተካክሎ ይወጣል። እኔ አህያውን ይዤ ውጪ እጠብቀዋለሁ። ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ፤ እሱ ይሰለፋል። በመጨረሻ የፖስታ ቤቱ ሰው አዘነለትና፣ «አባት፣ ውጤቱ ትምህርት ቤት ከተለጠፈ ቆየ እኮ፤ ልጅዎን ይጠይቁት» አለው።

«አባትዎ ምን አሉዎት ታዲያ?» አለች ልጅቷ።

«ምንም። አህያውን ከእጄ ተቀበለና ‹በሚቀጥለው ገበያ ብቻዬን እመጣለሁ› አለኝ። መውደቄን ረስቼዋለሁ ልጄ። ያንን ሰልፍ ግን አልረሳሁትም።»

ጥሩ የተናገርኩ መሰለኝ። እሷ ግን አሰበችና፣ «እርስዎም እኮ መጨረሻ ድረስ አልነገሯቸውም» አለች።

«አልነገርኩም።»

«ታዲያ ከእርስዎ ምን ልማር?»

አርባ ዓመት ሰሌዳ ፊት ቆሜ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። መታወቂያዋን አውጥቼ ሰጠኋት። አልተቀበለችኝም። «ማታ ስወጣ» አለችና ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ረቡዕም ሐሙስም ሳትነግረው አለፈ።

ዓርብ ረፋድ ላይ አንድ ሰውዬ በር ላይ መጣ። ጋቢ ለብሷል፣ የጎማ ቦቲ ተጫምቷል፤ የከሰል ጥቀርሻ ከጥፍሩ ሥር አልለቀቀም። ወደ ውስጥ አጮልቆ አየ። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ፣ ኮሽታ የለም። ሰውዬው ባርኔጣውን አወለቀ። ቦቲውን አወለቀና በሩ ጎን አስቀመጠ። ከዚያ መቃኑን በግራም በቀኝም ተሳለመና ባዶ እግሩን ገባ። ቤተ ክርስቲያን አይደለም ልለው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። በር ላይ የነበሩ ሁለት ተማሪዎችም አይተውታል፤ አልሳቁም።

«የኔታ፣» አለኝ በሹክሹክታ፣ እጅ ነስቶ፣ «ልጄን ለወግ ያበቃት ቤት ይኸ ነው አሉኝ።»

የማን አባት እንደሆነ ሳይነግረኝ አወቅሁ። ወንበር ሰጠሁት፤ አልተቀመጠም። በፌስታል የጠቀለለውን ማር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«ለእሑድ ልጠራችሁ ነው የመጣሁ። እሷ መቼም ስትደውል ቤተ መጻሕፍት ነኝ፣ ስትመጣም ወሬዋ ቤተ መጻሕፍት ነው። ከእኛ ቤት ይልቅ እዚህ ነው የኖረች። የእናንተን ሰዎች ሳልጠራ ብደግስ ነውር ነው ብዬ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የእውነት ሹክሹክታ ከአፌ ወጣ።

«የምትቀመጥበትን ወንበር ታሳዩኝ?»

እዚያ ላይ ብዙ አማራጭ አልነበረኝም። ወጥታለች ብዬ ልዋሽ አሰብኩ። ሁለት እርምጃ ገባ ሲል ያያታል። እኔው ልንገረው አሰብኩ። የእኔ አይደለም። ስለዚህ ግራ የተጋባ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ሥራዬን። መታወቂያውን ጠየቅሁት። የቀበሌ መታወቂያውን ከጉያው አውጥቶ ሰጠኝ፤ የሰጠሁትን ቁጥር እንደ ጠበል ዕቃ በሁለት እጁ ተቀበለ። ከዚያ ወሰድኩት።

ልጅቷ ስታየው ብድግ አለች። ጉንጯን ሳማት፤ በአዊኛ አንድ ነገር አላት። እኔ አጠገባቸው ካለው መደርደሪያ ሄጄ የተደረደሩትን መጻሕፍት እንደገና መደርደር ጀመርኩ። አዊኛዬን ብታውቁት ታፍሩልኛላችሁ። እዚሁ ተወልጄ፣ እዚሁ አርጅቼ፣ የማውቀው ሰላምታና «ብላ፣ ጠጣ» የሚለውን ነው። አንድ ስድብም አውቃለሁ። እሷ ቀስ ብላ ረጅም ነገር ስትናገር እኔ የለየሁት «ፈተና» እና «ኮምፒውተር» የሚሉትን ብቻ ነው። ግን መናገሯ ገባኝ። ስትጀምር የአባቷን ጋቢ ጫፍ ይዛ ነበር፤ ስትጨርስ ለቀቀችው።

ሰውዬው ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። ወረቀቱን ክምር በመዳፉ ነካ አደረገና በአማርኛ፣ «ይኸስ ምንድን ነው?» አላት።

«ተማሪዎቹ ያመጡልኝ ነው። ለሚቀጥለው እንዳጠና።»

ቀና ብሎ አዳራሹን አየ። «እነዚህ ሁሉ አውቀዋል?»

«አውቀዋል አባዬ።»

«የቀረሁ እኔ ብቻ ነኛ።»

ያኔ ነው እንባዋ የወረደው። በቤቱ ሁሉ ብዕር የሚያንቀሳቅስ ሰው አልነበረም። አለቃዬ ከቢሮዋ ወጣች። አንድ ወንበር አንስታ ከሰውዬው ጎን አስቀመጠች፤ ልጅቷን ትከሻዋን ይዛ አስቀመጠቻትና አንድ ቃል ሳትናገር ተመለሰች። እኔ ብሆን ንግግር አደርግ ነበር። እሷ አለቃ የሆነችው ለዚህ ነው።

አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሰውዬው አንዷን ወረቀት አንስቶ እያገላበጠ፣ የማያነበውን ሲያነብ ቆየ። በኋላ፣

«ጠላው ደርሷል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«ሰዉም ተጠርቷል። ድግሱን መመለስ አልችልም።»

«ሰዉ ምን ይላል አባዬ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ።» ትንሽ አሰበ። «ከበሉ በኋላ።»

አጠገባቸው ያለ ልጅ በእጅጌው አፉን አፍኖ ሳቀ። እሷም በእንባዋ መሐል ሳቀች። ሰውዬው አልሳቀም፤ የምሩን ነው።

እሑድ ሄድን። አለቃዬ፣ እኔና ባለቤቴ፤ ባለቤቴ የመጣችው በሴት ስታዘዝ በዓይኗ ልታየኝ ነው። ዳሱ ሞልቷል፣ ጭቃው ላይ ሣር ተጎዝጉዟል። ተበላ፣ ተጠጣ። ሁሉም ጣቱን ሲያብስ አባትየው ተነሳ። በአዊኛ ተናገረ፣ ለእኛ ለጎደሎዎቹ ደግሞ በአማርኛ ደገመው። «ልጄ ትምህርቷን ጨርሳለች። የመውጫውን ፈተና ግን አላለፈችም፤ እንደገና ትፈተናለች። ስጠራችሁ አልፋለች ያልኳችሁ እኔም አልፋለች ስለተባልኩ ነው። ይኸው ነገርኳችሁ።»

ልጅቷ ምሰሶ ተደግፋ መሬት መሬት ታያለች። ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት፣ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ፣ «ታዲያ በሁለተኛው ስታልፍ ድግሱ ይደገማል?» አሉ።

«ይደገማል!» አለ አባትየው።

ዳሱ በእልልታ ተናወጠ። ለወደቀ ሰው እልልታ ሲባል በዕድሜዬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ በወደቅሁ ጊዜ እንዲህ ያለች አሮጊት ምነው በጠፋች! ልጅቷን እየጎተቱ አስጨፈሯት። እኔም ሳልጎተት ወጣሁ፤ ጉልበቴ ግን እስክስታ ሳይሆን ስግደት ነው ያደረገው፤ ባለቤቴ መጥታ አነሳችኝ።

አባትና ልጅ እስከ መኪና መንገዱ ሸኙን። ሚኒባስ ስንጠብቅ ልጅቷ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ «አባባ፣ ከውጤቱ ወዲህ እህል ጣዕም የሰጠኝ ዛሬ ነው» አለችኝ። ያን ሁሉ ቀን በር ላይ ተቀምጬ ስትገባና ስትወጣ ሳያት፣ ምሳ አለመብላቷን አንድ ቀን እንኳ አላስተዋልኩም ነበር።

ሚኒባሱ መጣ። ስንሳፈር አባትየው በመስኮቱ በኩል ተጠጋኝ።

«የኔታ፣ ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቱ?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ላይ ታገኟታላችሁ።»

እውነቱን ነበር። አለቃዬ እንደነገረችኝ፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ወረቀቶቿን ታቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ነበር። ያረፈድኩት እኔ ነኝ።